በሄልሲንኪ ከተማ ስለ ሕፃናት ርዳታ ያየነው

ፊንላንድ በአውሮጳ ሰሜን ዳር፤ በስዊድንና በሩሲያ መካከል የምትገኝ አገር ናት። ምድሯ ደንና ሐይቅ የበዛበት፤ ክረምቷም ረዥምና ጨለማ ነው፤ የሕዝቧ ቍጥር ከአምስት ሚሊዮን ተኩል እምብዛም አይበልጥም። እስከ 1917 ዓ.ም. ድረስ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ኖራ በዚያ ዓመት ነጻነቷን ዐወጀች። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ክቡራን አንባቢዎቻችን እንዲያውቁልን እንለምናለን።

ዛሬ ይህች አገር ከባለጸጎቹ ተራ የቆመች ስለ ሆነች፤ ድኽነትን ከስሟ ጋር አገናኝቶ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ዳሩ ግን በ1930ዎቹ ዓመታት ከሚወለዱት 1,000 ሕፃናት መካከል 65 የሚያህሉት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ዛሬ ከ1,000ው የሚሞቱት ሁለት ያህል ብቻ ናቸው። ይህ ነገር በምን መንገድ እንደ ተፈጸመ ማወቅ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ሁሉ ይጠቅማል ብለን ስላሰብን፤ በ2024 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በሄልሲንኪ ከተማ ተቀምጠን ያየነውንና የሰማነውን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች እንጽፋለን።

ወደዚያ ያስኬደን የእኅታችን ልጅ ናት። ከባለቤቷ ጋር በዚያ አገር መኖር ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኖአታል፤ አንድ የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ አላቸው፤ እኛ በደረስን ጊዜ ሁለተኛውን ነፍሰ ጡር ነበረች። እኛ ከዶፍ ዝናብ ተነሥተን ስንሄድ እዚያ በጋ ሆኖ ቈየን። ፀሓይ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ድረስ ከሰማይ አልወርድም ስትል፤ ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ በሣሩ ላይ ተዘርግቶ ይውላል።

በከተማው ውስጥ በሐዲድ የሚሄድ ትራም የሚሉት ሠረገላ አለ። በመጀመሪያው ቀን ከርስዋ ጋር ስንሳፈር፤ እንደ አገራችን ልማድ የሁላችንንም ሒሳብ ለመክፈል ቦርሳችንን አወጣን። የእኅታችን ልጅ ግን የሕፃኑን ጋሪ በሰፊው በር እያስገባች፤ «የርስዎን ብቻ ይክፈሉ ጋሼ፤ ጋሪ የሚገፋ ሰው አይከፍልም» አለችን። ነገሩ እውነት ነው። ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጋሪ ይዞ የሚሳፈር ሰው፤ እናትም ትሁን አባት፤ በትራምም በአውቶቡስም በባቡርም በነጻ ይሄዳል። ምክንያቱን ስንጠይቅ ጋሪ የያዘ ሰው ሒሳብ ሊከፍል ወደ ሾፌሩ ቢሄድ ልጁን ትቶ መሄዱ ነው አሉን። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ያስበ መንግሥት በትልቁ ነገር ምን አስቦ ይሆን? አልን።

በማግስቱ ካሊዮ ወደሚባለው ሰፈር ሄድን። ካሊዮ ድሮ የሠራተኞች መኖሪያ የነበረ ሰፈር ነው። በዚያ ካሉት የልጆች መጫወቻ መናፈሻዎች በአንዱ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፤ ወደ ቀትር ላይ ልጆች እያንዳንዳቸው ጐድጓዳ ሳሕንና ማንኪያ ይዘው ከየአቅጣጫው መምጣት ጀመሩ። አንዳንዶቹ በእናቶቻቸው እጅ ተይዘው፤ ሌሎቹ ብቻቸውን በብስክሌት መጡ። ከዚያ በኋላ ተሰለፉ። ሁለት ሴቶች ከትልቅ ድስት የአተር ሾርባ እየጨለፉ ለያንዳንዱ ይቀዱ ነበር። የሄልሲንኪ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በበጋ ወራት በየመናፈሻው ለልጆች ምሳ መስጠት የጀመረው በ1942 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬም አላቋረጠም። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁሉ ሳሕኑን ይዞ ከመጣ ይበላል። ስም የሚጽፍ የለም፤ የአባትህ ደመወዝ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኛም ሰልፉን ስንመለከት ቈይተን፤ ከነዚህ ልጆች መካከል ድኾቹ የትኞቹ እንደ ሆኑ የእኅታችን ልጅ ቀዳጂቱን እንድትጠይቅልን አደረግን። ሴትዮዋ ጥያቄው ስላልገባት አስደገመቻት። በኋላም፤ «እርሱን አናውቅም፤ እኛ የምንቈጥረው የተቀዳውን ሳሕን ነው» ብላ ጭልፋዋን ወደ ድስቱ መለሰች።

አንባቢዎቻችን ይህን ጥያቄ ለምን እንደ ጠየቅን ይወቁልን። እኛ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ብዙ ዓመት የቈየን ነን። በአገራችን ሕግ ዳኝነት ለመክፈል ዐቅም የሌለው ከሳሽ በድኻ ደንብ ክስ እንዲያቀርብ ተፈቅዶለታል፤ ይህም መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ድኽነቱን ማስረዳት አለበት። አንዲት እናት ስለ ልጅ ቀለብ ልትከስ ልጇን አዝላ በችሎት ፊት ስትቆም፤ ያላትን ሳይሆን የሌላትን አንድ በአንድ ስትቈጥር ቃሏን የምንጽፍ እኛ ነን። ቤት አለሽን? የለኝም። ከብት አለሽን? የለኝም። የሚረዳሽ ዘመድስ? የለኝም። በመጀመሪያው ጥያቄ ድምፅዋ ይሰማል፤ በሁለተኛው ይቀንሳል፤ በሦስተኛው ግን ጸሓፊው አንገቱን ወደ ፊት ካላዘነበለ አይሰማም። ከኋላዋ ባለጕዳዮች ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ ከነርሱም መካከል ጎረቤቶቿ አይጠፉም። ስለዚህ ርዳታ የተባለ ነገር ባየን ቍጥር፤ መጠኑን ከመጠየቃችን በፊት ተቀባዩ በማን ፊት ምን ብሎ እንደሚቀበል መመልከት ልማዳችን ሆኖአል።

ፊንላንዶችም ቢሆኑ በዚህ ረገድ ያለፉበት መንገድ እጅግ መራራ ነው። በዚያው ከተማ ኪርስቲንኩያ በሚባለው መንገድ ላይ ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ለሠራተኞቹ ያሠራቸው የእንጨት ቤቶች አሉ፤ ከነርሱም አንዱ ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ሰው ይጐበኘዋል። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ይኖር የነበረው በአንድ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሎቹ በየዘመኑ እንደ ነበሩ ተሰናድተዋል፤ ምድጃው፤ አልጋው፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ልብስ ሁሉ ባለቤቶቹ አሁን የወጡ ይመስላል። እኛ አንዱን ክፍል ገብተን በርምጃችን ስንለካው ወዲህ አምስት ወዲያ ስድስት ሆነብን፤ አባትና እናት ከነልጆቻቸው የሚያድሩበት፤ የሚበሉበትና ልብስ የሚያጥቡበት ይኸው ነው። እንዲህም ሆኖ ይህ ክፍል በዚያ ጊዜ የታደለ ሠራተኛ የሚያገኘው ነበር።

ከገጠሩ ድኻ ወገን የነበሩት ሕፃናትማ የባሰ ነበር። ከ1866 እስከ 1868 ዓ.ም. በደረሰው ረኃብና በሽታ ከሕዝቡ ከመቶ ስምንት የሚሆነው ዐልቆአል። ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ወላጅ የሌላቸውን ወይም ወላጆቻቸው ሊያሳድጓቸው ያልቻሉትን ሕፃናት ወረዳው በሐራጅ ለአሳዳጊ ይሰጣቸው ነበር። የዚህ ሐራጅ አሠራር ከሌላው የተገለበጠ ነው። እኛ የምናውቀው ሐራጅ ብዙ ዋጋ የሰጠ ሰው ንብረቱን የሚወስድበት ነው፤ በዚያ ግን ልጁን ለመቀለብ ከወረዳው ጥቂት ገንዘብ የጠየቀ ሰው ልጁን ይወስዳል። በዓመት አንድ ጊዜ የወረዳው ሰዎች ተሰብስበው ልጁ በመካከላቸው ይቆማል። አንዱ በዚህን ያህል እቀልበዋለሁ ሲል ሌላው ከዚያ ባነሰ እቀልበዋለሁ ይላል፤ ከርሱም ያነሰ ይመጣል። በጥቂት ገንዘብ የወሰደው ሰው ትርፉን የሚያገኘው ከልጁ ጕልበትና ከልጁ ምግብ መሆኑን ለማወቅ ሒሳብ መማር አያስፈልግም። ይህ ልማድ በሕግ የተከለከለው በ1922 ዓ.ም. በወጣውና በማግስቱ ዓመት በጸናው የድኾች ርዳታ ሕግ ነው። ስለዚህ ከመቶ ዓመት ጥቂት ብቻ የራቀ ነገር ነው።

ከገበያው አደባባይ በጀልባ ሩብ ሰዓት ያህል ተጕዘው ሱዎመንሊና ወደምትባለው የደሴት ምሽግ ይደርሳሉ። ስዊድኖች በ1748 ዓ.ም. መሥራት የጀመሩት ምሽግ ነው፤ ዛሬ ቤተ ሰቦች ስንቃቸውን ይዘው የሚዝናኑበት ስፍራ ሆኖአል። የእኅታችን ልጅ ከነልጇ በመድፎቹ አጠገብ ስትቀመጥ እኛ የመታሰቢያውን ድንጋይ ፈልገን አየን። በ1918 ዓ.ም. በአገሩ ውስጥ የርስ በርስ ጦርነት ተነሥቶ ነጮች የተባሉት ቀዮች የተባሉትን ድል ባደረጉ ጊዜ፤ ይህች ደሴት የእስረኞች ሰፈር ሆና ነበር። በአገሩ በነበሩት የእስረኞች ሰፈሮች ሁሉ 12 ሺሕ የሚያህሉ ሰዎች በረኃብና በበሽታ ሞተዋል። ከጦርነቱ በኋላ ከ20 ሺሕ የሚበልጡ ሕፃናት ያለ አባት ቀሩ።

እዚህ ላይ በመዝገብ ሥራ የኖርን ሰዎች ልብ ያልነው አንድ ነገር አለ። ድል ባደረገው ወገን ለሞቱት ሰዎች ሚስቶችና ልጆች የመንግሥት ጡረታ ተቈረጠላቸው። ድል የሆኑት ወገኖች ባልቴቶች ግን ልጆቻቸውን ለማሳደግ ወደ ድኾች መዝገብ እንዲሄዱ ተደረገ፤ ለብዙ ዓመትም እንዲሁ ኖሩ። በ1906 ዓ.ም. በወጣው የምርጫ ሕግ ደግሞ በቋሚነት ከድኾች ርዳታ የሚቀበል ሰው እንደራሴ የመምረጥ መብት አልነበረውም። እንግዲህ በአንድ መንደር ሁለት ሕፃናት አባቶቻቸው በአንድ ቀን ሞተው፤ የአንዱ እንጀራ ክብር የሌላው እንጀራ ውርደት ሆነ ማለት ነው። ሕፃኑ ግን ነጭና ቀይ ምን እንደ ሆነ አያውቅም።

ይህን ቍስል ለማከም ከተነሡት ሰዎች መካከል ስሙ በአገሩ ሁሉ የሚጠራው የሕፃናት ሐኪም አርቮ ኢልፖ ነው። በ1887 ዓ.ም. ተወልዶ በ1992 ዓ.ም. በ104 ዓመቱ ዐረፈ፤ የሕፃናትን ዕድሜ ለማስረዘም የደከመ ሰው እግዚአብሔር የራሱንም አላሳጠረበትም። በ1920 ዓ.ም. የማነርሃይም የሕፃናት ጥበቃ ማኅበር በተቋቋመ ጊዜ ከመሥራቾቹ አንዱ እርሱ ነበር። የማኅበሩ ዐላማ ከየትኛውም ወገን ለተወለደ ሕፃን ሁሉ እንዲሆን ነው። በ1922 ዓ.ም. ደግሞ ኢልፖ በሄልሲንኪ የመጀመሪያውን ኔውቮላ ከፈተ። ኔውቮላ ማለት በቋንቋቸው የምክር ቤት ማለት ነው፤ ዳሩ ግን እንደራሴዎች የሚከራከሩበት ሳይሆን፤ እናቶች ልጆቻቸውን አምጥተው የሚያስመዝኑበትና ስለ አመጋገባቸው ስለ ንጽሕናቸው የሚመከሩበት ቤት ነው። በ1944 ዓ.ም. በወጣ ሕግ እያንዳንዱ ወረዳ እንዲህ ያለ ቤትና አዋላጅ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። በ1948 ዓ.ም. ኤልሲ ቦርግ የተባለች የሕንፃ ንድፍ ዐዋቂ ያሠራችው የሕፃናት ቤተ መንግሥት የሚባለው ሆስፒታል ዛሬም በቶሎ ሰፈር ቆሞ ይታያል፤ ሕክምናው ግን በ2018 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው ወደ አዲሱ የሕፃናት ሆስፒታል ተዛውሮአል።

አሁን በዓለም ሁሉ ወደ ታወቀው ወደ ሣጥኑ ነገር እንመጣለን። በ1937 ዓ.ም. ስለ እናቶች ርዳታ ሕግ ወጥቶ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። የሕጉ ምክንያት ርኅራኄ ብቻ እንዳይመስለን ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የሚወለደው ሕፃን ቍጥር እያነሰ በመሄዱ ሕዝቡ እንዳያልቅ የሚል ስጋት በሹማምንቱ ላይ ዐድሮ ነበር። ምክንያቱ ምንም ይሁን፤ ገቢያቸው ትንሽ ለሆነ እናቶች 450 ማርካ፤ ወይም በገንዘቡ ፈንታ ልብስና ዕቃ የሞላበት ሣጥን ይሰጥ ጀመር። ይህ ገንዘብ በዚያን ጊዜ የአንድ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ሲሶ ያህል ነው። በጦርነቱ ዘመን ጥጥ ለሠራዊቱ ስለ ተወሰደ፤ በሣጥኑ ውስጥ የሚገባው አንሶላና መጠቅለያ ከወረቀት የተሠራ ነበር። በ1949 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ ርዳታው ለድኻዋም ለባለጸጋዋም ለእናት ሁሉ ሆነ።

ይህ የመጨረሻው ለውጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንዲት ባልቴት ሰማን። የእኅታችን ልጅ በምትኖርበት ፎቅ፤ ከበላይዋ ባለው ቤት፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ይኖራሉ። በ1944 ዓ.ም. በገጠር የተወለዱ ናቸው። አንድ ቀን ማታ ቡና አፍልታ ጠራቻቸው፤ የቡናው ሥነ ሥርዓት ሦስተኛ መድረሱ አስደነቃቸው፤ እኛም በቡናው ምክንያት ወሬያቸውን ሰማን። የእኅታችን ልጅ ታስተረጕመን ነበር።

እናታቸው ሦስት ልጆች ወልደዋል። የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በ1939 ዓ.ም. ሲወለድ፤ ሣጥኑ ለድኻ ብቻ የሚሰጥበት ጊዜ ስለ ነበር እናትየዋ በቀን ይዘውት መግባት አፈሩ። በሰው ጋሪ ላይ ጭነው በብርድ ልብስ ሸፍነው፤ ከመሸ በኋላ በመንደሩ ዳር ዞረው ወደ ቤታቸው አስገቡት። ቤት ከገባም በኋላ ሣጥኑን ሰብረው በምድጃ አቃጠሉት፤ ልብሱን ብቻ አስቀሩ። ሁለተኛዋ ራሳቸው አስተማሪዋ ናቸው፤ በወረቀት አንሶላ ተጠቅልለው አድገዋል። ሦስተኛዋ እኅታቸው በ1950 ዓ.ም. በተወለደች ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በዚያው ሰሞን የመንደሩ ሀብታም ገበሬ ሚስትም ወልዳ ነበርና ያው ሣጥን ለርስዋም መጣ። «ያን ጊዜ እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤» አሉን፤ «እናቴ በአንድ ወገን እኔ በአንድ ወገን ይዘነው በመንገዱ መካከል በቀትር ተሸክመነው ሄድን። እናቴ ሁለት ጊዜ ዕረፉ ብላ መንገድ ላይ አስቀመጠችው፤ ሣጥኑ ግን ከባድ አልነበረም።» ይህን ብለው ሣቁ፤ እኛም ለጊዜው የምንመልሰው ቃል አጣን።

አንዳንድ ሰው፤ ለባለጸጋ ሣጥን መስጠት የመንግሥትን ገንዘብ ማባከን ነው ብሎ ይከራከራል። በዚያም አገር እንዲህ የሚሉ አሉ፤ በሒሳብ ረገድ ቢታይ ቃላቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ባለጸጋዋ ካልተቀበለች ድኻዋ በቀን ይዛው መሄድ እንደማትችል ያ የተቃጠለ ሣጥን ምስክር ነው፤ በችሎትም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ እምብዛም አይቀርብም።

ከስጦታው ጋር አንድ ግዴታ ተያይዞአል። እናትየዋ እስከ እርግዝናዋ አራተኛ ወር መጨረሻ ድረስ ወደ ኔውቮላ ወይም ወደ ሐኪም ሄዳ ካልታየች ርዳታውን አታገኝም። የሕጉ ብልኀት ያለው በዚህ ላይ ይመስለናል። የሕፃናቱ ሞት የቀነሰው በሣጥኑ ነው የሚል ሰው ቢኖር አንቀበለውም፤ ልብስ ብቻውን ሕፃን አያድንም። የሐኪሙ፤ የአዋላጇ፤ የንጹሕ ውኃው፤ የመድኀኒቱና የኑሮው መሻሻል ሁሉ ተባብረው ነው። ሣጥኑ ግን እናቶችን በጊዜ ወደ ሐኪሙ ደጅ የሚጠራ ደወል ሆኖአል።

የእኅታችን ልጅ የመጀመሪያ ልጇን ሣጥን አሳየችን። ካርቶን ነው፤ ከታች ትንሽ ፍራሽ የተነጠፈበት በመሆኑ ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ወራት አልጋ አድርጎ ተኝቶበታል፤ አሁን የልብስ ማስቀመጫ ሆኖአል። በውስጡ ከ30 የሚበልጡ ዕቃዎች ነበሩ። ለበረዶው የሚሆን ወፍራም ልብስ፤ መኝታ ከረጢት፤ ቆብና የእጅ ሹራብ፤ የገላ መታጠቢያውን ውኃ ሙቀት መለኪያ፤ ሌላው ቀርቶ የጥፍር መቍረጫ መቀስ እንኳ አልተረሳም። የልብሶቹ ሥዕል በየጊዜው ስለሚለወጥ፤ እናቶች በመናፈሻ ሲገናኙ የልጁን ቆብ አይተው በምን ዓመት እንደ ተወለደ ያውቃሉ። ሣጥኑን የማትፈልግ እናት በምትኩ 170 ዩሮ ትቀበላለች፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱት ግን አብዛኞቹ ሣጥኑን ይመርጣሉ።

ይህን ርዳታ ዛሬ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት በ1937 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕዝብ ጡረታ መሥሪያ ቤት ነው፤ በአጭሩ ኬላ ይሉታል። ይህን ስም በሰማን ጊዜ ፈገግ ማለታችን አልቀረም፤ በኛ አገር ኬላ መንገደኛ ቀረጥ የሚከፍልበት ነውና፤ በነርሱ ግን ሰው የሚቀበልበት ሆነ። ኬላ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ የተደነገገውን የልጆች አበልም ይከፍላል። በሄድንበት ዓመት ለመጀመሪያው ልጅ በወር 94.88 ዩሮ፤ ለሁለተኛው 104.84፤ ለሦስተኛው 133.79 ነበር። ልጁ 17 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በየወሩ በ26ኛው ቀን ይገባል። ገቢ አይጠየቅበትም። ብቻውን ልጅ ለሚያሳድግ ወላጅ ጭማሪ አለው፤ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅም ከ2024 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ጀምሮ 26 ዩሮ ተጨምሮአል። በትምህርት ቤትም በ1943 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት ከ1948 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪ ሁሉ ምሳውን በነጻ ይበላል።

እስከዚህ የጻፍነውን ያነበበ ሰው በዚያ አገር ችግር የለም ብሎ እንዳያስብ፤ የቀረውንም መጻፍ ይገባናል። የእኅታችን ልጅ ባለቤት በአንድ መጋዘን ዕቃ ጫኝ ነበር፤ በዚያው በጸደይ ሥራው ቆመ። በዚያ አገር ሥራ ያጣ ሰው የቀን አበል ይቈረጥለታል፤ ልጆች ላሉት ሰው ደግሞ በአበሉ ላይ ጭማሪ ነበረው። ይህ ጭማሪ በ2024 ዓ.ም. በሚያዝያ 1 ቀን ተሰረዘ። በዚያው ቀን ለቤት ኪራይ ይሰጥ የነበረው ድጎማም እንዲቀንስ ተደረገ። መንግሥቱ ዕዳው ስለ በዛ ወጪን መቀነስና ሰዎች ወደ ሥራ እንዲገቡ ማትጋት ያስፈልጋል ይላል፤ በዚህ ምክንያት በዝቅተኛ ገቢ የሚኖሩ ሕፃናት ቍጥር እንደሚጨምር ግን በዚያው አገር አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ለወላዶች ይህን ያህል በታሰበበት አገር የሚወለደው ሕፃን እያነሰ መሄዱም የሚያስገርም ነበር፤ በ2023 ዓ.ም. በአንዲት ሴት በአማካይ 1.26 ልጅ ሆኖአል፤ ቈጠራው ከተጀመረበት ከ1776 ዓ.ም. ወዲህ እስከዚያ ዓመት ድረስ እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም ነበር።

አንድ ማታ ሕፃኑ ከተኛ በኋላ ባልና ሚስት ወረቀታቸውን በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ሒሳብ ሲያደርጉ አየን። ኪራይና መብራት ተከፍሎ ለወሩ የሚቀረው አልበቃ አላቸው። ሌላው ሁሉ ለጎደለበት ሰው በሕጉ የመጨረሻ የኑሮ ድጎማ የሚባል አለ። ይህንን ለማግኘት ግን አመልካቹ ያለውን ገንዘብ ሁሉ ማሳየት፤ የባንክ ሒሳቡንም መግለጫ አያይዞ ማቅረብ አለበት። ያለ ማስረጃ ይሰጥ ብለን አንፈርድም፤ የመጨረሻ ድጎማ የሕዝብ ገንዘብ ነውና መጠየቁ የግድ ነው። የእኅታችን ልጅ ከፊቷ ማንም ዳኛ፤ ከኋላዋ ማንም ባለጕዳይ ሳይኖር፤ በራስዋ ቤት በመሣሪያው ላይ ትጽፍ ነበር። የምትጽፈውንም ባሏ እንዲያርምላት ድምፅዋን አሰምታ ታነብለት ጀመር። መኪና፤ የለንም። የተቀመጠ ገንዘብ፤ ይህን ያህል። ሌላ ገቢ፤ የለንም። ከዚያም እኛ በክፍሉ ውስጥ መቀመጣችን ትዝ አላትና ማንበብዋን ትታ በዝምታ ጻፈች። እኛም ሳይነግሩን ተነሥተን ወደ ሰገነቱ ወጣን።

በማግስቱ ሐምሌ 26 ቀን ነበር። ጠዋት ስልኳን ተመልክታ የልጁ አበል መግባቱን ለባሏ ነገረችው፤ እንዲሁ እንደ ማንኛውም ወሬ፤ ዛሬ ዝናብ ይመጣል እንደሚባለው አድርጋ። ይህንም ያንም የሚከፍለው ያው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። አንዱ በማታ በዝምታ የሚጻፍ፤ ሌላው በጠዋት በቁርስ ላይ የሚነገር ነው። በዚያ አገር ሹማምንት ዘንድ ከሁሉ የሚሻለው ለተቸገረው ብቻ መስጠት ነው የሚለው ክርክር እየበረታ መሄዱን በሰማን ጊዜ፤ የሁለቱን ቀናት ልዩነት ያስቡበት ይሆን? ስንል አሰብን።

እኛ በነሐሴ ወር ተመለስን። ልጁ፤ ሴት ናት፤ በመስከረም መጨረሻ ተወለደች፤ አባትየውም ከዚያ በፊት በሌላ ስፍራ የግማሽ ቀን ሥራ አግኝቶ ነበር። ለሁለተኛው ልጅ 170 ዩሮውን ትወስድ እንደ ሆነ ከመሄዳችን በፊት ጠይቀናት፤ «ገንዘቡ ያስፈልገናል ጋሼ፤ ነገር ግን ሣጥኑን እፈልጋለሁ» ብላን ነበር። ሣጥኑ በመጣ ቀን ከበላይዋ ያሉትን አስተማሪ ጠራቻቸውና አብረው ከፈቱት። ባልቴቲቱ ልብሱን አንድ በአንድ እያወጡ በአልጋው ላይ ደረደሩ፤ አንሶላውን ባገኙ ጊዜ ግን መነጽራቸውን አውልቀው በሁለት ጣታቸው መካከል አድርገው እያሹ ብዙ ጊዜ ቈዩበት። በኋላም «ጥጥ ነው» ብለው አጥፈው ሰጧት።